ስፍርና ክብር

በልጅነቴ በተማርኩበት አንድ የክፍለ ሀገር ትምህርት ቤት፣ በጂኦግራፊው መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አምስት ፊቶች በአንድ ገጽ ላይ ተስለው ይታዩ ነበር። ከየፊቱ ሥር ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር የሚል ተጽፏል። «መምህር፣ እኛ የትኛው ነን?» ብዬ ጠየቅሁ። መምህሩ ጣታቸውን በጥቁሩ ፊት ላይ አሳርፈው ጥቂት ቆዩ፤ ቀጥለውም ወደ ጠይሙ አሻገሩት፤ ከዚያም ገጹን ገልጠው ስለ ወንዞች ማስተማር ጀመሩ። ደግ መምህር ነበሩ። እኔም ያች ጣት ስትሻገር ምን ያህል መንገድ እንደ ተጓዘች የማውቅበት ዕድሜ ላይ አልነበርኩም።

ያ ገጽ የመጣው ከሩቅ ነው። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ካርል ሊኔዎስ በ1735 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዕፅዋትን፣ እንስሳትንና ማዕድናትን በየወገናቸው በደለደለበት መጽሐፉ የሰውንም ልጅ እንደ አህጉሩ በአራት ከፈለው። ያን ጊዜ መለያው ቀለምና አገር ነበር። በ1758 በወጣው ዐሥረኛ እትም ግን ጠባይ ተጨመረበት፤ አውሮፓዊው በሕግ፣ አሜሪካዊው በልማድ፣ እስያዊው በግምት፣ አፍሪካዊው በዘፈቀደ የሚተዳደር ነው ተባለ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ቀለምን ዐይን ያየዋል፤ «በዘፈቀደ መተዳደርን» ግን ከቆዳ ላይ ያነበበ ዐይን የለም። ሊኔዎስም አፍሪካን ረግጦ አያውቅም። ሁለቱ በአንድ ረድፍ ስለ ተጻፉ ብቻ ግን የታየው ላልታየው ዋስ ሆነለት።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ጀርመናዊው የጌቲንገን ሊቅ ዮሐን ፍሪድሪኽ ብሉመንባኽ ለዘብ ያለ ሰው ነበር። በሰዎች መካከል የሚታየው ልዩነት ቀስ በቀስ አንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገር እንጂ ወሰን የሚቆምለት አለመሆኑን ደጋግሞ ጽፏል፤ በጥቁር ሰዎች የተደረሱ መጻሕፍትንም እየሰበሰበ ስለ ችሎታቸው ይመሰክር ነበር። ይሁንና ወሰን የለውም ላለው ነገር ስም አወጣለት፤ ስም ደግሞ አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ የራሱን አጥር ያጥራል። በ1795 ባሳተመው ሦስተኛ እትም ሰውን በአምስት ሲከፍል ነጩን «ካውካሳዊ» ያለው፣ ከነበሩት የራስ ቅሎች ሁሉ እጅግ ውብ ሆኖ የታየው የአንዲት የጆርጂያ ሴት ራስ ቅል በመሆኑ ነበር። ያች ሴት በጦርነት ተማርካ ወደ ሞስኮ የተወሰደችና እዚያው የሞተች ናት። አስከሬኗን የመረመሩት ሐኪሞች ራሷን አስቀሩት፤ እርሱም ከእጅ ወደ እጅ አልፎ ጌቲንገን ደረሰ። ዛሬም በአሜሪካ ነጩ ሰው «ካውኬዥያን» ሲባል መጠሪያው ከአንዲት ምርኮኛ እንደ ተወረሰ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የእርሷ የራሷ ስም ግን ለእኛ አልደረሰም።

ጥቁሩን ወገን ብሉመንባኽ «ኢትዮጵያዊ» አለው። ቃሉን የወሰደው ፊታቸው በፀሐይ የጠቆረ ሰዎችን ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩ ከነበሩት ከጥንት ግሪኮች ነው። ስለዚህ በእነዚህ ሊቃውንት ሰንጠረዥ «ኢትዮጵያዊ» ማለት የእኛ አገር ሰው ማለት ሳይሆን፣ ከሰሐራ በስተደቡብ የሚኖረው ሕዝብና ታስሮ በመርከብ ወደ አሜሪካ የተጋዘው ልጁ ማለት ነበር። የእኛን አገር ሰው ብዙዎቹ ወደ ሌላ ረድፍ አሻገሩት፤ ወደዚህ ነገር ኋላ እመለሳለሁ።

ከማየት ወደ መስፈር ከተሻገሩት መካከል ስሙ ከሁሉ ጎልቶ የሚነሣው የፊላደልፊያው ሐኪም ሳሙኤል ጆርጅ ሞርተን ነው። በ1851 እስኪሞት ድረስ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ የራስ ቅል ሰበሰበ። የጦር መኮንኖች፣ ሐኪሞችና ተጓዦች ይልኩለት ነበር። ከፊሉ ከጦር ሜዳ፣ ከፊሉ ከተቆፈረ መቃብር የተገኘ ነው፤ ሌላውም እዚያው ፊላደልፊያ በድኾች መጠለያ ሞተው አስከሬናቸውን የሚጠይቅ ዘመድ ካላገኙ ሰዎች የተወሰደ ነው። ሞርተን የቅሉን ቀዳዳዎች በጥጥ ይደፍናል፤ አንገት ከሚጋጠምበት ከትልቁ ቀዳዳ መጠናቸው እኩል የሆኑ ድቡልቡል ፍሬዎች እስኪሞላ ያፈስበታል፤ ከዚያም ወደ ተመጠነ ዕቃ ገልብጦ ስንት ኪዩቢክ ኢንች እንደ ወጣው ይመዘግባል። ፍሬው ዛሬ የሰጠውን ልክ ነገ ስለማይደግም ኋላ በጥቃቅን የእርሳስ እንክብሎች ተካው። እንግዲህ ይህ ሰው ለልክ የሚጨነቅ ሰው እንደ ነበር መካድ አይቻልም።

በ1839 ባሳተመው «ክራኒያ አሜሪካና» በተባለው ትልቅ መጽሐፉ ውጤቱን በሰንጠረዥ አወጣ። ከላይ 52 የካውካሳውያን ራስ ቅሎች፣ አማካይ 87 ኪዩቢክ ኢንች፤ ከታች 29 የኢትዮጵያውያን ራስ ቅሎች፣ አማካይ 78፤ ሌሎቹ ሦስት ወገኖች በመካከል። በሞተ ጊዜ ባሪያ ያሳድሩ በነበሩት የደቡብ ግዛቶች የሚታተም አንድ የሕክምና መጽሔት፣ ጥቁሩ ሰው የበታች ዘር ሆኖ ትክክለኛ ቦታውን እንዲይዝ ስለ ረዳ ደቡቡ ባለውለታው ነው ሲል ጻፈለት። ከሦስት ዓመት በኋላም ጆሳያያ ኖትና ጆርጅ ግሊደን የሰው ዘሮች በየራሳቸው የተፈጠሩ ናቸው የሚለውን ወፍራም መጽሐፋቸውን ለእርሱ መታሰቢያ አደረጉት። ዘጠኝ ኪዩቢክ ኢንች ፍሬ ወይም እርሳስ፣ ሰውን ከነልጆቹ በጨረታ ለመሸጥ ምስክር ሆኖ ቀረበ።

አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ስቴፈን ጄይ ጉልድ በ1978 ባወጣው ጽሑፍና በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ የሞርተንን ሰንጠረዦች መልሶ መረመረ። ከፍሬ ወደ እርሳስ ሲሻገር የአፍሪካውያኑ አማካይ በ5.4 ኪዩቢክ ኢንች ሲያድግ የነጮቹ ያደገው በ1.8 ብቻ መሆኑን አየ። እርሳስ አይጠቀጠቅም፤ ፍሬ ግን ይጠቀጠቃል። ስለዚህ ሞርተን ሳይታወቀው የነጩን ራስ ቅል እየነቀነቀ፣ የጥቁሩን ግን በላላ እጅ ሞልቶት ይሆናል ሲል ገመተ። እህል ተራ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ሊቅ አያስፈልገውም። ጤፍ ሻጭ ለወዳጁ ሲሰፍር ቁናውን ይነቀንቃል፣ በእጁ ይጫናል፣ እስኪፈስ ይከምራል፤ ለማያውቀው እንግዳ ግን እንደ ወረደ ይተወውና አፉን በመዳፉ ይጠርገዋል። ቁናው ያው ቁና ነው።

እኔም በበኩሌ መምህር ከሆንኩ በኋላ ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስናገር ኖሬያለሁ። የሚጥም ታሪክ ነበር፤ ክፉው እምነት እጁን ሲያንቀጠቅጠው የሚያሳይ። ችግሩ ጉልድ ራስ ቅሎቹን ራሱ ያልለካቸው መሆኑ ነው። በ2011 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን ከስብስቡ 308ቱን እንደ ገና ለካ፤ የሞርተን ስሕተት ጥቂት መሆኑን፣ ያም ቢሆን እርሱ ወዳመነበት ወገን ያደላ አለመሆኑን አስታወቀ። ቆይቶም ፖል ዎልፍ ሚቸል የተባለ ተመራማሪ የሞርተንን የቀድሞ ማስታወሻዎች አግኝቶ በ2018 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ጉልድ ያቀረበው የተጠቀጠቀ ስፍር ክስ በማስረጃ የማይጸና መሆኑን አመለከተ።

ታዲያ ምን እንበል? ይህን ስሰማ በመጀመሪያ የተሰማኝ መከፋት ነበር፤ መከፋቴም አሳፈረኝ። ሞርተን እጁ የታመነ ሆኖ ቢገኝ እኔን ምን አስፈራኝ? የፈራሁት፣ የጥቁር ሰው እኩልነት በሞርተን እጅ አለመታመን ላይ የቆመ ይመስል ስለ ነበር ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ይኸው ነው። ሰፋሪው በትክክል ሰፍሮ ከሆነ ከበደል ነጻ ይወጣልን?

መልሱን ለመፈለግ ወደ ሌላ ሰፋሪ መሄድ ይጠቅማል። ከሞርተን መጽሐፍ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1836፣ የሃይደልበርጉ የአካል ጥናት ሊቅ ፍሪድሪኽ ቲዴማን የራስ ቅሎችን በደረቅ ማሽላ መሰል እህል እየሞላ መዝኖ፣ ስለ ጥቁሩ ሰው አንጎል የጻፈውን ጥናት በለንደኑ የንጉሣዊ ማኅበር መጽሔት አሳተመ። የደረሰበት መደምደሚያ በአፍሪካዊውና በአውሮፓዊው አንጎል መካከል መሠረታዊ ልዩነት የለም የሚል ነበር። የሚያስደንቀው ነገር፣ ሚቸል እንዳሳየው፣ የሁለቱ ሰዎች ልኮች በእጅጉ የሚመሳሰሉ መሆናቸው ነው። ቲዴማን ከትንሹ እስከ ትልቁ ያለውን ስፋት አየ፤ የአንዱ ወገን ልክ ከሌላው ልክ ውስጥ ተጠላልፎ መግባቱን ተመለከተና ልዩነት የለም አለ። ሞርተን ሁሉንም ደምሮ አካፈለ፤ አማካዮቹንም በመሰላል ላይ ደረደራቸው። ከላይኛው እርከን ከቆመው ሰው ራስ ቅሉ የሚሰፋ ስንት ሰው በታችኛው እርከን እንደ ቆመ መሰላሉ አይናገርም። ቅሉ የወንድ ይሁን የሴት፣ የረጅም ሰው ይሁን የአጭር፣ በአማካዩ ስሌት ቦታ አልተሰጠውም። ትልቅ ሰው ትልቅ ቆብ እንደሚያደርግ ለማወቅ የልብስ ሰፊ ሙያ በበቃ ነበር።

እንግዲህ በደሉ ከስፍሩ በፊት ገብቷል ማለት ነው። ሞርተን ቁናውን ከማንሣቱ አስቀድሞ ሰው በእርከን የሚቆም ፍጡር መሆኑን አምኖ ተነሥቶ ነበር፤ ራስ ቅሉን የጠየቀው በየትኛው እርከን ትቆማለህ ብሎ ብቻ ነው። እንዲህ ለተጠየቀ ጥያቄ ታማኝ እጅ የሚሰጠው ታማኝ መልስ የለም። እንዲያውም የእጁ መታመን በደሉን አከበደው እላለሁ፤ ሐሰተኛ ሚዛን ሲገኝ ይሰበራል፣ እውነተኛ ሚዛን ለሐሰት ሲመሰክር ግን ማን ይሰብረዋል?

ሆኖም በቲዴማን ላይም አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ወዳጅ ቢሆንም። እርሱ የባርነት ጠላት ነበር፤ ለጥቁሩ ሰው በመልካም ልብ ተከራከረ። ግን የተከራከረው በዚያው በሞርተን ሜዳ ነው፤ እኩል ናቸው፣ እህሉ እኩል ሞልቷቸዋልና። የሰውን ክብር በራስ ቅሉ ስፋት ያስመሰከረ ሰው ክብሩን በመያዣ አስይዞ የተበደረ ሰው ይመስላል። ነገ ሌላ ሰፋሪ በሌላ ቁና መጥቶ ጎደለ ቢል መያዣው ይወሰዳል።

ይህን በጊዜው አጥርቶ ያየ ሰው ነበር፤ ያየውም ከሊቃውንቱ ወንበር ሳይሆን ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ ነው። በ1854 በኦሃዮ በአንድ ኮሌጅ ባደረገው ንግግር የሞርተንን መጽሐፍና ተከታዮቹን ተቸ። በመጻሕፍቱ ውስጥ ነጩ በክብር ተቀምጦ፣ ጥቁሩ ግን ፊቱ ተበላሽቶ የሚሳል መሆኑን አሳየ፤ ሠዓሊዎች ይህን ትችት ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል። ከፍ ያለው ክርክሩ ግን ኋላ የመጣው ነው። የሰው ዘር ሁሉ አንድ ምንጭ እንዳለው ለማስረዳት ብዙ ከደከመ በኋላ ራሱን መልሶ ጠየቀ፤ ይህን ሁሉ ማስረዳት ባልችልስ? መልሱም ሰብአዊ መብት በአንድ የጋራ መሠረት ላይ የቆመ ስለሆነ ለአንዱ ወገን በሚጸናበት ምክንያት ለሌላውም ይጸናል የሚል ነበር። ሳይንሱን አልናቀም፤ ተከራከረበት። ግን ነጻነቱን በእርሱ እጅ አልተወም።

ሃይቲያዊው አንቴኖር ፊርማንም በ1884 የፓሪስ የአንትሮፖሎጂ ማኅበር አባል ሆኖ ተመረጠ። ፖል ብሮካ በ1859 የመሠረተው ይህ ማኅበር የራስ ቅል መለካትን ወደ ረቂቅ ጥበብ ያደረሰ ነበር። ፊርማን በዚያ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ዘሩ የበታች ስለ መሆኑ ሲነገር ሰማ። ተነሥቶ ክርክር እንዲከፈት ለመጠየቅ አስቦ፣ ግን እንደ ጣልቃ ገብ እንዳይቆጠር ሠግቶ ዝም እንዳለ በኋላ ጽፏል። በዝምታው ፈንታ በ1885 ከ600 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ ስለ ሰው ዘሮች እኩልነት አሳተመ። ያደረገው ነገር የለኪዎቹን ሰንጠረዥ ማቃጠል አልነበረም፤ ማንበብ ነበር። በራስ ቅል ይዘት የተደረደረው ሰንጠረዥ በስፋትና በርዝመት ንጽጽር ከተደረደረው ጋር እንደማይስማማ፣ በእያንዳንዱም ውስጥ ሩቅና ቅርብ ሕዝቦች ጎን ለጎን ተደባልቀው እንደሚገኙ አሳየ። መጽሐፉ በፓሪስ ብዙም መልስ ሳያገኝ ቀረ። መልስ መስጠት ከባድ ነበር፤ ዝም ማለት ቀላል።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። የሮማው ሊቅ ጁዜፔ ሴርጂ በ1897፣ ከዓድዋ ድል በኋላ በዓመቱ ማለት ነው፣ ስለ አፍሪካ ሐማዊ ሕዝቦች ባወጣው መጽሐፍ፣ የእኛን አገር ሕዝቦች የሜዲትራንያን ወገን ከሚለው ከኢጣሊያውያኑ ጋር በአንድ ግንድ አስቀመጣቸው። ማስረጃው የራስ ቅል ቅርጽ ነበር። በጁላይ 1938 በሮም የወጣው የዘረኞቹ ሊቃውንት መግለጫ ግን ሴማውያንንና ሐማውያንን በጋራ የሜዲትራንያን ዘር ውስጥ የሚያስገባ ትምህርት አደገኛ ነው ሲል አወገዘ። በእነዚያ 41 ዓመታት ውስጥ የማንም ኢትዮጵያዊ ራስ ቅል አልተለወጠም። የተለወጠው አገራችን በወረራ መያዟና ወራሪው ከተገዥው ጋር ዘመድ መባሉን አለመፈለጉ ነው። ገና በኤፕሪል 1937 የኢጣሊያ ዜጋ ከ«ተገዥ» ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ሕግ ወጥቶ ነበር።

ከመግለጫው ፈራሚዎች አንዱ የፍሎረንሱ አንትሮፖሎጂስት ሊዲዮ ቺፕሪያኒ ነው። በሕይወት ባሉ አፍሪካውያን ፊት ላይ ጀሶ እያፈሰሰ የመልካቸውን ቅርጽ ያነሣ ነበር፤ በወረራው ዘመን በአገራችንም ሰዎችን ለክቷል። ዐይኑን ጨፍኖ ጀሶው እስኪደርቅ የሚጠብቀውን ሰው አንባቢ ያስበው። በዚያች ሰዓት በውስጡ ምን ያሰላስል እንደ ነበር የለኪው መዝገብ ዓምድ አልተወለትም።

ይህን ሁሉ በሌላው ላይ ጽፎ ማቆም ይቀላል። ግን የመምህሬ ጣት አለች። ጣቷ ከጥቁሩ ወደ ጠይሙ የተሻገረችው በሴርጂ አስተምህሮ አይመስለኝም፤ ስሙንም የሰሙት አይመስለኝም። የተሻገረችው እኛም የራሳችን ሰንጠረዥ ስለ ነበረን ነው። ሰልካካ አፍንጫ እናሞግሳለን፤ ቀይ ዳማ እንላለን፤ ለሙሽራ መልክ ስንመርጥ የቀለምን እርከን እንወጣለን። በ1942 በዐዋጅ እስኪሻር ድረስ በአገራችን ሰው ሲሸጥ ለሻጩ ኅሊና ማረፊያ ከሆኑት ነገሮች አንዱ የተሸጠው ሰው መልክ ነበር። የውጭ ሊቃውንትም ሐማዊ ናችሁ፣ ከጥቁሩ አፍሪካ የተለያችሁ ናችሁ ሲሉን፣ ቅር ያላቸው ወገኖች ቢኖሩም፣ በሆዳቸው ደስ ያላቸው ጥቂት አልነበሩም። በሞርተን ሰንጠረዥ የታችኛው ረድፍ በአገራችን ስም ሲጠራ እኛ ከዚያ ረድፍ በመውጣታችን እፎይ ካልን፣ መሰላሉን ተቀብለነዋል ማለት ነው፤ የተከራከርነው ስለ እርከኑ ብቻ ነው።

ሰው አይለካ ማለቴ ግን አይደለም። በጤና ጣቢያ ነርሷ የሕፃኑን ራስ ዙሪያ በሜትር የምትለካው ዕድገቱን ለመከታተል ነው፤ ጥያቄዋ ይህ ልጅ ደኅና ነውን? የሚል ነው፤ ከማን ያንሳል? የሚል አይደለም። ፍራንዝ ቦአስም በኒውዮርክ ወደ 18,000 የሚጠጉ ስደተኞችንና ልጆቻቸውን ለክቶ፣ የማይለወጥ የዘር ምልክት ይባል የነበረው የራስ ቅርጽ በአሜሪካ በተወለዱት ልጆች ላይ እንደሚለወጥ በ1911 አስታውቋል። ስለ ለውጡ መጠን እስከ ቅርብ ጊዜ ክርክር ነበር። ሪቻርድ ሌዎንቲንም በ1972 ከሰው ልጅ የውርስ ልዩነት 85 ከመቶ ያህሉ በአንድ ሕዝብ ውስጥ በግለሰቦች መካከል የሚገኝ መሆኑን አስልቶ አሳየ። እነዚህን ቁጥሮች በክፍል ውስጥ በደስታ አስተምራለሁ። ነገር ግን አንድ ተማሪ «85 ሳይሆን 50 ቢሆን ኖሮስ?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ያን ጊዜ ማንን መሸጥ ይፈቀድ ነበር? ብዬ መልሼ እጠይቀዋለሁ።

የሞርተን ስብስብ ዛሬ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛል። ሙዚየሙ በ2021 ስለ ስብስቡ በይፋ ይቅርታ ጠይቆ፣ በ2024 መጀመሪያ 19 የፊላደልፊያ ጥቁር ሰዎችን ራስ ቅሎች ጥቁሮች በሚቀበሩበት በቆየው በኤደን መካነ መቃብር አሳረፈ። ቀብሩም ያለ ክርክር አላለፈም። አንዳንድ የከተማው ሰዎች ሟቾቹ እነማን እንደ ነበሩ፣ የማን ልጆች፣ የማን አያቶች እንደ ነበሩ አስቀድሞ በሚገባ ሳይፈለግ መቀበራቸውን ተቃወሙ። ሞርተን የእያንዳንዳቸውን ይዘት በኪዩቢክ ኢንች መዝግቧል። የአብዛኞቹን ስም ግን ቤተ መዛግብት ውስጥ መፈለግ ገና አላበቃም።